የእናቴ ሳጥን፦ ካሴት፣ ደብዳቤና ስም የሌላቸው ፎቶዎች። ከየት ልጀምር?

የጉለሌዋ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ ምክር ፈልጌ ነው። ሰፈራችን ለልማት ይነሳል ተብሎ ዕቃ እያሸግን ነው እና ከእማዬ አልጋ ስር የቆርቆሮ ሳጥን ወጣ፣ ስንከፍተው ካሴት፣ ፎቶና ደብዳቤ ጢም ብሎ። ካሴቶቹ አጎቴ በደርግ ጊዜ ሮም እያለ በሰው እጅ ይልክልን የነበረው ድምፁ ነው፣ ከዚህ እነ አያቴ ቀድተው የላኩለትንም ሲመለስ ይዞት ስለመጣ የሁለቱም ወገን አለ። ፎቶው ግማሹ እዛ ላስቲክ ያለው የሚያጣብቅ አልበም ላይ ነው ግማሹ በፌስታል። አጎቴም አያቶቼም የሉም። እማዬ ሰማንያ ልትደፍን ነው፣ ዓይኗ ደከም አለ እንጂ ጭንቅላቷ ከኔ ይሻላል።

እህቴ ሁሉንም ስካን አስደርገን ቴሌግራም ላይ እንጫነውና እንገላገል ትላለች። ወንድሜ ፎቶዎቹን ላሚኔት ሊያስደርግ ተነስቷል። ካሴት ማጫወቻ ደግሞ ቤታችን የለም፣ ገንዘብም ብዙ የለኝም። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ?

ቴክ_ጠጋኝ
ወንድምሽን አስቁሚልኝ!! ላሚኔት ማለት ፎቶውን በጋለ ሮለር መሃል አሳልፎ ፕላስቲክ ማቅለጥበት ማለት ነው፣ በኋላ ላንሳው ብትይ የፎቶው ፊት ተልጦ አብሮ ነው የሚመጣው። ከፈለገ ኮፒውን ላሚኔት ያስደርግ፣ ዋናውን አይንካ።

ማጫወቻ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ ልጆች ጋ ጠይቂ። ያገኘሽውን ግን መጀመሪያ በማይፈለግ የዘፈን ካሴት ሞክሪው፣ ውስጡ ያለው ጎማ ካረጀ ክሩን ይበላዋል። ሄዱን፣ ማለት ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን ብረት፣ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጊው። የናንተ ካሴት ስንት ዘመን ሳይነካ ስለተቀመጠ ክሩ እርስ በርሱ ሊጣበቅ ይችላል፣ ፕሌይ ከማለትሽ በፊት በቢክ እስክሪብቶ ቀስ ብለሽ ትንሽ አዙሪውና ፈታ በይው፣ ከዛ እስከ ጫፍ አጠንጥነሽ መልሺው። ሲ60 በየጎኑ 30 ደቂቃ ነው፣ ሲ90 ደግሞ 45፣ ሲ120 የሚል ካለ ክሩ ስስ ስለሆነ ፈጣን ማጠንጠኛ አትጠቀሚበት ይበጠሳል።

ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ከመሰለሽ ክሩን ሄዱ ላይ የምትጫነው ትንሿ ስፖንጅ ወድቃ ነው የሚሆነው፣ ካሴቱ ሞተ ብለሽ እንዳትጥይው፣ ብሎን ያለው ካሴት ከሆነ ይፈታል ከሌላ ካሴት ተነቅሎ ይገጠምለታል።

ከማጫወቻው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በጃክ ወደ ኮምፒውተር ታገቢዋለሽ። የላፕቶፕ ማይክ ቀዳዳ ድምፁን ስለሚሰባብረው ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ብትገዢ ይሻላል። መቅጃ ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ነው፣ ነፃ ነው። ዋናውን በዋቭ አስቀምጪ፣ አንድ ሰዓት ድምፅ ወደ 600 ሜጋ ይወስዳል፣ ለዘመድ የምትበትኚውን በኤምፒስሪ አውጪ። አንድ ነገር ደግሞ፣ ካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሪያቸው፣ ማንም በላዩ እንዳይቀዳበት።

አሽሙረኛው
@ቴክ_ጠጋኝ በላዩ መቅዳት ስትል አስቀኸኛል። በኛ ቤት የአያቴ ምርቃት "ከፍ በሉ፣ ዝቅ አትበሉ" ብሎ አሜን ልንል ስንል ክራር ይገባና ዘፈን ይቀጥላል። ታላቅ ወንድሜ ጥርሷ የተሰበረችውን ቀዳዳ በወረቀት ደፍኖ ነው የቀዳበት። እስከ ዛሬ አሜን ሳንል ቀረን።

ጋሽ_መዝገቡ
ልጄ የጉለሌዋ፣ እኔ ዕድሜዬን መዝገብ ቤት የፈጀሁ ጡረተኛ ነኝ፣ ስለ ኮምፒውተሩ ልጆቹ ይንገሩሽ። ካሴቱ አርባ ዓመት ጠብቋል፣ ከደረቅና ቀዝቀዝ ካለ ቦታ ካስቀመጥሽው ሌላ ስድስት ወር ቢጠብቅ አይጎዳም። እናትሽን ግን እንደዛ ማለት አንችልም፣ ዕድሜዋን ያርዝመው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጪው። ስካኑም ላሚኔቱም ይቆይና መጀመሪያ እሷን አጠገብሽ አስቀምጠሽ ፎቶውን አንድ ባንድ እያነሳሽ ይሄ ማነው፣ ይህችስ፣ የማን ቤት ደጃፍ ነው እያልሽ ጠይቂ፣ ስልክሽን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጊው። ስም የሌለው ፎቶ ከሁለት ትውልድ በኋላ የማንም አይደለም። በሥራዬ ጥርት ያለ፣ ያማረ፣ ማን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው የሌለው ፎቶ ስንቱን አይቻለሁ መሰለሽ።

ለፎቶዎቹ ቁጥር ስጪያቸው። በለስላሳ እርሳስ ከጀርባቸው ጠርዝ ላይ ሳትጫኚ ጻፊ። ከዛ ስትቀጂ ቁጥሩን ጮክ ብለሽ ጥሪ፣ "ቁጥር 14፣ እማዬ ይሄ ማነው?" በይ፣ ያኔ ድምፁና ፎቶው አይጠፋፉም። እስክሪብቶ አይሁን፣ ቀለሙ ወደ ፊት ይዘልቃል፣ ሌላ ፎቶ ከተደረበበት ደግሞ እሱም ላይ ያትማል።

የጉለሌዋ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዳሉኝ ማታ ሞከርኩ። ማነው ስላት ከነአባቱ ከነሰፈሩ ትነግረኛለች፣ መቼ ነው ስላት ግን "እኔ ምን አውቄ" ነው መልሱ። የራሷን ልደት እንኳ በሚካኤል ዕለት ነው ከማለት ውጪ አታውቀውም፣ መታወቂያዋ ላይ ያለው ቀበሌ የገመተላት ነው።

ጋሽ_መዝገቡ
ዓመተ ምሕረት አትጠይቂያት። የኛ ሰው ዘመን የሚቆጥረው በሆነው ነገር ነው። የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ተማሪ ነበርሽ ወይስ አግብተሽ በያት፣ 1953 ነው። ጃንሆይ ሳይወርዱ ነው ከወረዱ በኋላ በያት፣ መስከረም 2 ቀን 1967። የንጉሡ ብር ወጥቶ የደርጉ ሲገባ የት ቤት ነበራችሁ፣ ይሄ ጥቅምት 1969 ነው። መሠረተ ትምህርት ሲጀመር እከሌ ተወልዶ ነበር? ያ 1971 መጨረሻ ነው። 77 ድርቅ አለ፣ ግንቦት 20 ቀን 83 አለ። ለወላጆቿ ደግሞ ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ 1928፣ ሲወጣ 1933፣ ከዛ ራቅ ካለም የኅዳር በሽታ 1911። አንዱን ነገር ከሁለት ሁነት መሃል ካስገባሽው ዓመቱ ራሱ ይወጣል። ደግሞ ማን ማንን አዝሎ እንዳሳደገ ጠይቂ፣ ታላቅና ታናሽ የሚለየው በዛ ነው።

በአገር አቀፍ ደረጃ ልደትና ሞት መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ሐምሌ መጨረሻ ነው። ከዛ በፊት የብዙ ሰው ልደት ተመዝግቦ ያለው እናቶች ጭንቅላት ውስጥ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ አልበሙ ላይ ክፍተት ካለ ዝም ብለሽ አትለፊው። በተለይ 1969 እና 70 አካባቢ። በቀይ ሽብር ጊዜ ቤት ለቤት ሲታሰስ ፎቶና ወረቀት ያቃጠለ፣ ጓሮ የቀበረ ቤት ብዙ ነው። "እዚህ ጋ ምን ነበረ?" ብለሽ ጠይቂ፣ የሌለው ፎቶም ታሪክ አለው።

ዳዊት_ደጋሚ
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ እኔ ትንሽ ልጨምር። አያት ቤት የብራናም ይሁን የታተመ የድሮ ዳዊት ካለ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ባዶ ገጽ እዩት፣ ብዙ ቤት ልጅ ሲወለድ የሚጻፈው እዛ ነው። አንዳንዴ ዓመቱ የለም "በዘመነ ማርቆስ" ብቻ ይላል፣ እሱም ቢሆን ይጠቅማል ምክንያቱም ማቴዎስ ማርቆስ ሉቃስ ዮሐንስ እየተባለ በአራት በአራት ዓመት ስለሚዞር ጋሼ ከዘረዘሩት ጋር ስታጋጥሚው ወደ አንድ ዓመት ይወርድልሻል። የክርስትና ስምም ጠይቂ። የሟች ስም ፍትሐት ላይ የሚጠራው በሱ ነው፣ ልጅ ልጆች ግን አብዛኞቻችን የአያቶቻችንን አናውቀውም።

ሌላው እና አሁን በጣም የሚያስቸኩልሽ የእድር መዝገብ ነው። ማን መቼ እንደሞተ እድሩ የከፈለበት ቀን ተጽፏል፣ ማን ከማን ቤት እንደሆነም አለ። ሰፈራችሁ እየተነሳ ከሆነ እድሩም ይበተናል፣ መዝገቡን ማን ይዞት እንደሚሄድ አይታወቅም። ዛሬ ነገ ሳትይ ጸሐፊው ጋ ሂጂና የናንተን ቤት የሚመለከተውን ገጽ በስልክ አንሺው።

የጉለሌዋ
ወይኔ እድሩን ጭራሽ አላሰብኩትም!! ጸሐፊው ጋሽ እንትና ሰሚት ኮንዶሚኒየም ደርሶት ሊገባ ነው አሉ፣ ነገውኑ እሄዳለሁ።

ፎቶ_ቤት_ያደግኩት
አባቴ ፎቶ ቤት ነበረው፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው ያደግኩት። ስለ አልበሙ ልንገርሽ። ገጹ ላይ ያለው ሙጫ ከጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆንና ፎቶውን ይበላዋል፣ ስለዚህ መውጣት አለበት፣ ግን በጥፍር አትላጪው። የጥርስ ማጽጃ ክር ከፎቶው ጀርባ አስገብተሽ ወዲህ ወዲያ እያልሽ ቀስ ብለሽ ለይው። እምቢ ካለ አትታገዪ፣ እዛው ገጹ ላይ እንዳለ አንሺው።

ጀርባውን የግድ ስካን አድርጊ። ድሮ ሰው ፎቶ የሚነሳው ለራሱ ብቻ አልነበረም፣ ሊሰጥ ነው፣ "ለውድ እህቴ ለማስታወሻ ያህል" ይልና ቀኑና ከተማው ይጻፋል። የፎቶ ቤቱ ማኅተም ካለ ሰፈሩን አወቅሽ ማለት ነው። ጽሑፍም ማኅተምም ከሌለው ከሰውዬው በስተጀርባ ያለውን ሸራ እዪ። የተሳለ ደረጃ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ሐይቅ ምናምን። ፎቶ ቤት ሸራ በየጊዜው አይቀይርም ውድ ነበር፣ ስለዚህ ቀን የተጻፈበት አንድ ፎቶ ካለሽ ያው ሸራ ያለበት ሌላውም እዛው አካባቢ ነው። አባቴ ሸራውን ብቻ አይቶ የማን ቤት እንደሆነ ይናገር ነበር።

ፖስት ካርድ የሚያህለውን በ600 ዲፒአይ (የስካኑ ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርጊው፣ ጉርድ ፎቶ ከሆነ 1200። ስካነር ከሌለሽ በስልክም ይሆናል፣ ፍላሽ አጥፍተሽ መስኮት አጠገብ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ ፎቶውን አስተኝተሽ ስልኩን ቀጥ አድርገሽ ከላይ። ኔጋቲቭ ካገኘሽና ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተሽ ፊልሙ መበላሸት ጀምሯል፣ ከሌላው ለይተሽ እሱን አስቀድሚ።

የመጨረሻ ነገር፣ ፎቶ ቤት ወስደሽ "አስተካክልልኝ" እንዳትይ። ሰሞኑን አንዲት ጎረቤታችን የአያቷን ፎቶ ለተዝካር በኤአይ አሳምራ በትልቁ አሳጥባ አመጣች። ሴትየዋ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት፣ አንገታቸው ላይ ደግሞ በመስመር በመስመር የወረደ ንቅሳት ነበራቸው። አፑ ቆሻሻ መስሎት ጠራርጎ አንስቶታል። ጥርሳቸው ተደርድሯል፣ ቆዳቸው ሎሽን የተቀባ ይመስላል። ተዝካሩ ላይ የመጡ አንድ አዛውንት ፎቶውን አይተው "ይህቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?" ብለው ጠየቁ።

ናቲ_4ኪሎ
@ፎቶ_ቤት_ያደግኩት አካበድክ እንዴ ብሮ። እኔ የአባቴን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለም አስገብቼ ለእማዬ ስሰጣት አልቅሳ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ሰው የሚወደውን ነገር መከልከል ምንድነው?

ፎቶ_ቤት_ያደግኩት
ማን ከለከለ፣ ስቀሉት። እኔ የምለው ዋናው ሳይነካ ይቀመጥ፣ ያ ደግሞ ፋይል ስሙ ላይ "የተቀባ" ይባል። ካባው አረንጓዴ ይሁን ቡናማ አፑ ገምቶ ነው የቀባው፣ ከሰላሳ ዓመት በኋላ ግን ልጅህ አያቴ አረንጓዴ ካባ ነበረው ብሎ ይምላል።

ሚኒሶታ_ብርድ
የጉለሌዋ እህቴ፣ ስለ ደብዳቤዎቹ ማንም አላነሳም እኮ! እኔ ሀገር ከለቀቅኩ ብዙ ዘመን ሆነኝ፣ እናቴ በሰማንያዎቹ የጻፈችልኝን በሙሉ አስቀምጫለሁ። የኛ ሰው ደብዳቤ ታውቂያለሽ ወደ ጉዳዩ ለመግባት አንድ ገጽ ሰላምታ ነው፣ "እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ" ይልና ከዛ እትዬ እከሊት ሰላም ትልሻለች፣ አያ እከሌ ሰላም ይልሻል፣ የነእንትና ሕፃን ድኖ መሮጥ ጀመረ፣ ላሟ ወለደች። ድሮ ዘልዬ ነበር የማነበው። አሁን ቁጭ ብዬ ስገለብጠው ግን ያ ሰላምታ የቤቱ ሕዝብ ቆጠራ ነው። በዛ ዓመት በዛ ግቢ ማን እንዳለ፣ ማን አግብቶ እንደወጣ፣ ማን ከገጠር መጥቶ እንደተጠጋ። አንዱ ደብዳቤ ላይ ተጠርቶ ቀጣዩ ላይ የቀረ ስም ካለ ምን ሆኖ ነው ብለሽ እናትሽን ጠይቂ። እኔ አክስቴ ከወለደቻቸው ልጆች አንዱ በሕፃንነቱ እንደሞተ ያወቅኩት በዚህ ነው፣ ሰላም ይልሻል ይባል የነበረ ልጅ ድንገት መጠራቱ ቀረ። ቤት ውስጥ ማንም አንስቶት አያውቅም ነበር፣ ስጠይቃት አክስቴ ራሷ ስሙን ከነክርስትና ስሙ ነገረችኝ።

ካሴቱም ላይ እንደዛው ነው የሚሆነው፣ ሁሉም ተራ በተራ እየቀረበ ነው ሰላም የሚለው፣ ስለዚህ ሰላምታውን ቆርጣችሁ እንዳትጥሉት።

ስለ ስም ደግሞ ውጭ ላላችሁ። የዘር ሐረግ መሙያ አፖቹ የቤተሰብ ስም ሙሉ ይላሉ፣ የኛ ሰው ደግሞ የአባቱ ስም ነው ያለው። ልጆቼ በኔ አባት ስም ይጠራሉ፣ የወንድሜ ልጆች በሱ ስም፣ ፈረንጁ ኮምፒውተር እንደ ባዳ ነው የሚያየን። እኔ ተውኩትና በተራ ኤክሴል ስም ከነአያት፣ የክርስትና ስም፣ የቤት ስም ብዬ እሞላለሁ። የቤት ስም እንዳትረሱ፣ ሽማግሌዎቹ በመዝገብ ስሙ ብትጠሯቸው "ማን?" ነው የሚሉት፣ ማሙሽ ወይ ቢጢሌ ስትሏቸው ነው ታሪኩ የሚመጣው። የልደት ቀንም የወረቀቱንና የእውነቱን ለያይቼ ነው የምጽፈው፣ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሐበሻ እዚህ ሀገር ስንት እንደሆነ እናውቃለን ሃሃሃ። የእውነቱን ግን ፌስቡክ ላይ አታውጡት እሺ።

ሃይፋ_ያለሁ
ሚኒሶታ ያልሽው እኛ ቤተ እስራኤሎች ጋም አለ፣ እንዲያውም ይብሳል። እስራኤል ስንገባ ለብዙዎቻችን የዕብራይስጥ ስም ነው የተሰጠን፣ የኔ ወረቀት ላይ ያለውን ስም እናቴ እስከ ዛሬ በአግባቡ አትጠራውም። በሱዳን በኩል በእግር ከመጡት ወገኖቻችን መንገድና ካምፕ የቀሩት ወደ 4,000 ይገመታሉ፣ ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። የብዙዎቹ መቃብር ግን የት እንደሆነ የሚያውቅ አብሯቸው የነበረ ሰው ብቻ ነው። አባቴ ማን የት ቦታ እንደቀረ በቅደም ተከተል ያውቃል። ቀዳሁት። አንዴ ተናግሮ ሁለተኛ አልደግምም አለ፣ እኔም አላስቸገርኩትም።

የዘር ቆጠራውን ደግሞ ለመቅዳት ጥሩው ጊዜ ጋብቻ ሲታሰብ ነው። ሽማግሌዎቹ በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ካልቆጠሩ አይፈቅዱም፣ ያኔ እርስ በርስ እየተራረሙ ነው የሚቆጥሩት፣ አንዱን ብቻ ብትጠይቁ ያን ያህል አታገኙም።

ናቲ_4ኪሎ
መቅዳት ብላችሁ ካሳወቃችኋቸው እኮ ይቀዘቅዛሉ፣ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ መናገር ይጀምራሉ። ስልኩን ረከቦት ስር ደብቂና ቡና እያፈላሽ ቅጂ፣ ሁሉንም ይዘረግፉታል።

ሚኒሶታ_ብርድ
ናቲ በናትህ! የገዛ እናትህን እንደ ሰላይ?

ጋሽ_መዝገቡ
ልጄ ናቲ፣ እንደሱ አይደረግም። ቤት ውስጥ ያልተነገረ ነገር አለ። ደም የተፈላለገ አለ፣ የመሬት ክርክር አለ፣ በዛ ክፉ ጊዜ ማን ማንን ጠቆመ የሚባል አለ፣ ሳይታወቅለት ያደገ ልጅ አለ። የሚነገረውንና የማይነገረውን የምትወስነው ተናጋሪዋ ናት። ይሄን አጥፊው ካለች ይጥፋ። እኔ ካለፍኩ በኋላ ካለች ለብቻው ተቀምጦ ለማን እንደሚሰጥ ራሷ ትናገር፣ እሱም ይቀዳ። ደግሞ ተደብቀህ የቀዳኸውን ለማን ታሰማዋለህ? አንድ ዘመድ ፊት እንኳ መክፈት አትችልም።

መቀዝቀዙ እውነት ነው። ግን "ታሪክሽን ንገሪኝ" ስለምትሉ ነው የሚቀዘቅዙት። ቤቱ ስንት ክፍል ነበር፣ ማን ከማን ጋር ይተኛ ነበር፣ ውኃ ከየት ነበር የሚቀዳው፣ ልጅ ሆነሽ ማንን ትፈሪ ነበር በሉ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩን ይረሱታል። ቡናው ይፈላ፣ ሲኒው ግን እስኪደርስ ራቅ ይበል፣ ቀረጻ ላይ ከሰው ድምፅ በላይ ይሰማል።

ቴክ_ጠጋኝ
ስልኩን ኤሮፕላን ሞድ ላይ ማድረግም አትርሱ፣ መሃል ላይ ስልክ ቢደወል ቀረጻው ይቋረጣል። ቴሌቪዥን ይጥፋ፣ ስልኩ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን የታጠፈ ነጠላ ላይ ይቀመጥ።

አሁን ወደ እህትሽ ሐሳብ ልምጣ። ቴሌግራም ለማከፋፈል አሪፍ ነው፣ መጋዘን ግን አይደለም። ፎቶ ብለሽ ስትልኪ ያሳንሰዋል፣ ፋይል ብለሽ ላኪ። አካውንት ደግሞ ካልተከፈተ ከተወሰነ ወራት በኋላ ራሱን እንዲያጠፋ የተደረገ ነው፣ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ገብታችሁ ስንት ወር ላይ እንደተደረገ እዩና ወደ ረጅሙ ቀይሩት። ያንን ቁጥር የያዘው ሰው ሲምካርዱ ቢዘጋበት ወይም ቢሞት ምን እንደሚሆን አስቡት። የቤተሰብ ግሩፕ ያላችሁ በኮምፒውተሩ ቴሌግራም ኤክስፖርት የሚል አለ፣ ፎቶውንም ድምፁንም በአንድ ፎልደር ያወርድላችኋል።

ጉግልም ነፃው 15 ጊጋ ነው፣ ሁለት ዓመት ያልተከፈተ አካውንት ደግሞ ሊያጠፋ ይችላል፣ ከነፎቶው። ሴቲንግ ውስጥ አካውንቱ ሥራ ሲያቆም ለማን ይሰጥ የሚል አለ፣ የልጃችሁን ወይ የእህታችሁን ኢሜይል አስገቡበት።

እኔ የማደርገው፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ቤት አንዱ ሐዋሳ ያለች እህቴ ጋ፣ ሦስተኛው ኢንተርኔት ላይ። ፍላሽ ላይ ጭናችሁ መሳቢያ ውስጥ አትርሱት፣ ለዓመታት ኤሌክትሪክ ካላገኘ ውስጡ ያለው ሊጠፋ ይችላል። የሠርግ ቪኤችኤስ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ጀምሩ፣ ማጫወቻውን የሚሠራ ፋብሪካ ካቆመ ቆየ፣ የመጨረሻው በ2016 በፈረንጆች ነው የዘጋው።

ወሎዬዋ_ነኝ
እኔ ምክራችሁ ሁሉ ሳጥኑ ላላችሁ ነው እያልኩ ነው የማነበው። የኛ ቤት በጦርነቱ ሲቃጠል አልበሙም አብሮ ሄደ፣ አንድ ጉርድ ፎቶ አልቀረም። ግን ፎቶ ቤት ያደግኩት እንዳለው ሰው ድሮ ፎቶ ይሰጥ ነበር አይደል፣ እና መልሰን ለመንን። ደሴ፣ አዲስ አበባ፣ ሪያድ፣ ከአባቴ ጋር አብረው ያስተማሩ ሰዎች ጋ ሳይቀር። የእናቴና የአባቴን የሠርግ ፎቶ አንድ ሚዜ ቤት አገኘነው፣ እኛ ቤት ከነበረውም የሚበልጥ፣ ሴት አያቴ ያለችበት። እና የጉለሌዋ፣ ፌስታሉ ውስጥ የሌላ ሰው ፎቶ ካገኘሽ ይሄ የኛ አይደለም ብለሽ አትለይው። የሆነ ቤት እሱን እየፈለገ ሊሆን ይችላል። ላኪላቸው።

የጉለሌዋ
ወሎዬዋ እህቴ እንባዬ መጣ። አሉን እኮ፣ የማናውቃቸው ሰዎች ፎቶ ብዙ ነው፣ እማዬ እያወቀቻቸው ነው።

ላካፍላችሁ። የእድር መዝገቡን አነሳሁት፣ የወንድ አያቴ ሞት እኛ ከምንለው በሁለት ዓመት ይቀድማል። ማጫወቻ ከአንድ ራዲዮ ጠጋኝ ተከራየሁ። የመጀመሪያው ካሴት ላይ መጀመሪያ ዶሮ ነው የሚጮኸው፣ ከዛ አያቴ "ቀዩ በርቷል? በርቷል ወይ? እህ... እኔ አባትህ ነኝ" አለ። ራሱን አስተዋወቀ እኮ ለልጁ! እማዬ ሳቀች፣ "እንደ ስልክ መስሎት ነው" አለች። ከዛ ኋላ የምትስቅ ልጅ ድምፅ አለ፣ እኔ አንቺ ነሽ ወይ ስላት አይደለሁም እሷ ጎረቤት የነበረችው ናት ብላ ስሟን ነገረችኝ። ወንድሜ ላሚኔቱን ትቶ አሁን ቁጥር ጻፊ እሱ ነው።

አሽሙረኛው
ቀዩ በርቷል ወይ!! ሁሉም ቤት አንድ ናቸው። የኛው ደግሞ ካሴቱ እንዳያልቅበት እየተጣደፈ ሰላምታውን ጨርሶ የቀረውን ግማሽ ሰዓት "በል ደህና ሁን" ሲል ነው የሚያልፈው።

ቤዛ_ጅዳ
ሰላም፣ ዘግይቼ ገባሁ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ጅዳ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። እናቴ ዐምና አረፈች፣ ድምፅዋ ያለኝ ኢሞ ላይ የላከችልኝ ብቻ ነው፣ እየመረቀችኝ፣ አንዳንዴም እየተቆጣችኝ። ስልኬ እያረጀ ነው፣ ሲበላሽ አብሮ እንዳይጠፋብኝ እፈራለሁ። ኮምፒውተር የለኝም። ምን ላድርግ?

ቴክ_ጠጋኝ
ቤዛ እህቴ ነፍስ ይማር። መጀመሪያ አፑን አታጥፊው፣ ቁጥሩንም ሳትጨርሺ አትቀይሪ። ቀላሉና ኮምፒውተር የማይፈልገው መንገድ ይሄ ነው፣ የጓደኛሽን ስልክ ተውሰሽ ድምፅ መቅጃው ላይ አድርጊና በሩን ዘግተሽ ያንቺን ስልክ ድምፁን ከፍ አድርገሽ አጫውቺው፣ ሁለቱን ስልክ አጠገብ ለአጠገብ አድርጊ። ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል ግን በእጅሽ ያለ ፋይል ሆነ ማለት ነው። እያንዳንዱን ከማጫወትሽ በፊት ቀኑን በአፍሽ ተናገሪ፣ አፑ ላይ ተጽፏል። ከዛ ፋይሉን ለሁለት ሰው ላኪ፣ አንዱ ሀገር ቤት ይሁን። ዋትስአፕ ላይ ያለ ካለሽ ደግሞ ድምፁን ተጭነሽ ይዘሽ ሼር ስትይ ራሱ ፋይሉ ይወጣል፣ ኦፐስ የሚል ነው፣ አልከፍት ካለሽ ቪኤልሲ አውርጂ ይከፍተዋል።

ቤዛ_ጅዳ
እሺ ወንድሜ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አርብ እረፍት አለኝ ጓደኛዬ ጋ እሄዳለሁ። የተቆጣችኝን ልቁረጠው ወይስ እንዳለ ይቀመጥ?

ቴክ_ጠጋኝ
እንዳለ ይቀመጥ። መቁረጥ ከፈለግሽ ለዘመድ ከምትልኪው ኮፒ ላይ ቁረጪ።